የፕሬሪ ሪያሊዝም ምንድን ነው?

ፕሬሪ በምዕራብ ካናዳ በማኒቶባ፣ በሳስካችዋንና በአልበርታ የተዘረጋው ገላጣ የሣር ምድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ የዚያን አገር የገበሬ ኑሮ ሳያሽሞነሙኑ የጻፉ ደራሲዎች ተነሡ። ሥራቸው የፕሬሪ ሪያሊዝም ይባላል። ከነሱ በፊት ብዙ የተወራው ስለ ለሙ መሬትና ስለ ጀግናው ሰፋሪ ነበር። እነሱ ግን ቤት ውስጥ ገብተው ባልና ሚስቱ ለምን እንደተኳረፉ ጠየቁ።

ድርቁም፣ አቧራውም፣ ውርጩም በታሪኮቹ ውስጥ ሞልቷል። ትዳሩን የሚበላው ግን፣ እኔ እንደማነበው፣ በመሬቱ ላይ ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ነው።

ጣጣው ከሕጉ ይጀምራል። በ1872 የወጣው የመሬት ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል፣ በ10 ዶላር መመዝገቢያ ይሰጥ ነበር። ሰፋሪው መሬቱን ማረስ፣ እዚያው ላይም መኖር አለበት። ስለዚህ ቤቶቹ ተራራቁ። በረዶ ሲጥል ጎረቤት መጠየቅም ይቀራል። ባለትዳር ሴት ደግሞ በራሷ ስም ይህን መሬት ማውጣት አትችልም ነበር። እኩል ትለፋለች፣ ውሳኔው ግን የባሏ ነው። በ1930ዎቹ ድርቅና የስንዴ ዋጋ መውደቅ ሲደራረቡ ይሄ ሁሉ ፈነዳ።

ይህን አጥርቶ ያሳየው ሲንክሌር ሮስ ነው። የሳስካችዋን ልጅ፣ በሙያው የባንክ ሠራተኛ ነበር። በ1938 የታተመው «የቀትር ፋኖስ» የተሰኘው አጭር ልብ ወለዱ በአቧራ ማዕበል መሃል ይጀምራል። ከመጨለሙ የተነሣ በጠራራ ፀሐይ ሰዓት ፋኖስ በርቷል። ኤለን የሕፃን ልጇን አልጋ በስስ ጨርቅ እንደ ድንኳን ሸፍናለች። ባሏን ፖልን ትለምነዋለች፦ ከተማ እንግባ፣ አባቴ ሱቅ ሥራ አለልህ። እሱ አሻፈረኝ ይላል። ከርሞ ይዘንባል ባይ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ኤለን የእርሻውን ነገር ታነሣለች። ዓመት በዓመት ስንዴ ብቻ እየዘራህ አፈሩን አራቆትከው ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ነፋሱ የሚያነሣው አፈር ሥር የሚይዘው ነገር የለውም። ፖል ግን ምክሩን እንደ ንቀት ይሰማዋል። የሮስ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። ፖል ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠርቶ አዳሪ ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀጣሪ መሆን ክብሩን ይነካበታል። እሷ ፈራች፣ እሱ ኮራ፤ ሁለቱም ስለ ልጁ ያስባሉ፣ ግን አይደማመጡም። ዋጋውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው።

ባል ሁሉ ግን እንደ ፖል አይደለም። በማርታ ኦስተንሶ የ1925 ልብ ወለድ «የዱር ዝይዎች» ኬሌብ ጌር የሚስቱን የድሮ ምስጢር እንደ መያዣ ይዞ ቤተሰቡን እንደ ጉልበት ሠራተኛ ይነዳል። የሱ ፍቅር ለሰብሉ ብቻ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙዎቹ ታሪኮች መሬቱን ባዶ ያገኙት ያህል ይጽፋሉ። ክሪዎችና ሌሎች የአገሬው ሕዝቦች በስምምነት ስም ወደ ተከለለ ቦታ ተገፍተው ነው ያ 160 ኤከር ለሰፋሪ የተረፈው። ኤለንና ፖል የተጣሉበት አፈር ከነሱ በፊትም ባለቤት ነበረው።