ቤቱ መኪና ሲሆን ብርዱ ከየት ይገባል? ስለ አርቪ ማሞቂያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው ያለው። የቤት ኪራይ ሲያስመርረው አንድ አሮጌ አርቪ ገዝቶ ገባበት። አርቪ ማለት አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ያለው መኪና፣ ወይም በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። ሞቃቱን ወራት ተመችቶት ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ እዚያ ውጭው ከዜሮ በታች 15 እና 20 ዲግሪ የሚወርድበት ሌሊት አለ።

ማሞቂያው ሲያስቸግረው የሚደውለው እኔ ጋ ነው። አዳማ ውስጥ የመኪና ኤሌትሪክ ነው የምሠራው። እዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን እዚህ ቀኑ 7 ሰዓት ነው። ጋራዡ ሞልቷል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እኔ ስለ በረዶ አወራለሁ። እጄ ግራሶ ስለሆነ ስልኩን ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ። ያኔ ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ቡና የምታፈላልንም ልጅ ምክር ይጨምራሉ። ማታ ደግሞ አክስቴ አለች። ከምክሩ ግማሹ ስህተት ነው፤ አንዳንዱማ ሰው ይገድላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ልንገራችሁ።

«ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው ጋዙ ስላለቀ ነው»

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚለው ይኼን ነው። ማሞቂያው በፕሮፔን ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ሙቀት ከጠፋ ጋዝ አልቋል። ሲሊንደሩን አንስተው ሲያዩት ግን ከግማሽ በላይ አለው። ከዚያ ግራ ይገባቸዋል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ባትሪውን ነው። ማሞቂያው የሚያቃጥለው ጋዝ ቢሆንም የሚታዘዘው በ12 ቮልት ነው። ቴርሞስታቱ (የሙቀቱ መቆጣጠሪያ) ሙቀት ሲጠይቅ ቀድሞ የሚነሳው ፋኑ ነው። ፋኑ በደንብ ሲነፋ ነፋሱ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ቀጭን የቆርቆሮ ምላስ ይገፋል፤ እሷ ስትገፋ ማብሪያው ይገናኛል። የጋዙ ቫልቭ የሚከፈተውና ብልጭታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። በቂ ነፋስ ሳይኖር እሳት እንዳይነሳ ታስቦ የተሠራ ነው። ባትሪው ሲደክም ፋኑ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ምላሷ አትገፋም፣ ጋዙም አይከፈትም። ፋኑ ግን መንፋቱን አይተውም። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ፊትህ ላይ ያልሞቀ አየር ይነፋብሃል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የእንዲህ ያለ ማሞቂያ ፋን 8 አምፔር ገደማ ይበላል። 12 ሰዓት በሚረዝም ሌሊት ግማሹን ጊዜ ቢሠራ 48 አምፔር ሰዓት ነው። 100 አምፔር ሰዓት የተጻፈበትን ተራ የሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ ሳትጎዳው ልትጠቀምበት የምትችለው ግማሹን ያህል ነው። በዚያ ላይ ብርዱ ራሱ አቅሙን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጥሩ ይሠራ የነበረ ማሞቂያ ሊነጋጋ ሲል ቢያቆም አይገርምም። ብርዱ የሚብሰውም ያኔ ነው።

ቴስተር ካለህ ባትሪውን ፋኑ እየዞረ ሳለ ለካው፤ ቆሞ ሲለካ ይዋሻል። ሙሉ የሊድ አሲድ ባትሪ ያለ ሥራ 12.6 ቮልት ያሳያል። ፋኑ ሲነሳ 11 እና ከዚያ በታች ከወረደ ሌላ ነገር አትፍታ። ባትሪው ላይ 12.3 እያሳየ ማሞቂያው ጋ 10.8 ከሆነ ደግሞ ቮልቱ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው ማለት ነው፦ የላላ ግራውንድ (ቦዲው ላይ የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ)፣ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዝገት ያበቀለ ተርሚናል። ዝገቱን ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጥክበት ሙቅ ውሃ አጥበህ፣ በብሩሽ ፈግፍገህ፣ አድርቀህ ታጠብቀዋለህ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሰው ተሳቢ ላይም የማደርገው ይኸው ነው፤ ባትሪ አሜሪካ ቢሄድ ጠባዩ አይለወጥም።

ቴስተር ከሌለ ጆሮ አለ። የአክስቴን ልጅ ስልኩን ማሞቂያው አጠገብ አድርግ እለዋለሁ። ደህና ማሞቂያ ሲነሳ ፋኑ መጀመሪያ ያጉረመርማል። ጥቂት ሰኮንዶች ቆይቶ ቫልቩ አንዴ «ጠቅ» ይላል። ቀጥሎ ብልጭታው «ጠጠጠጠ» ይላል፣ ከዚያ እሳቱ «ቡፍ» ብሎ ይያዛል። ፋኑ ብቻ ተሰምቶ «ጠቅ» ከሌለ፣ ወደ ባትሪውና ወደ ነፋሱ መንገድ። «ጠቅ» እና «ጠጠጠጠ» ተሰምተው እሳት ከሌለ ያኔ ስለ ጋዝ እናወራለን። እሳቱ ተይዞ ወዲያው ከጠፋ ደግሞ እሳት መኖሩን የሚያየው ሴንሰር ቆሽሾ ወይም ግራውንዱ ላልቶ ይሆናል። ብዙዎቹ ማሞቂያዎች ጥቂት ጊዜ ሞክረው ካልተሳካላቸው ራሳቸውን ይቆልፋሉ። ያኔ ቴርሞስታቱን አጥፍቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ማብራት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ያችን ምላስ በሽቦ አስሮ ማሞቂያውን ማታለል የሚቀናው ሰው አይጠፋም። እኛ ሰፈር ፊውዝ በሲጋራ ወረቀት የሚጠቀልል እንዳለው ሁሉ ማለት ነው። እባካችሁ ተዉት።

«ጋዙ በብርድ ይረጋል»

ፕሮፔን አይረጋም። ፈሳሹ ወደ ጋዝነት መለወጥ የሚያቆመው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቡቴን የሚባለው ሌላው የሲሊንደር ጋዝ ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያቆማል። በረዷማ አገር ለክረምት ፕሮፔን የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ይሁንና ሐሳቡ ከመሬት አልተነሳም። ብርዱ ሲጠና የሲሊንደሩ ግፊት ይወርዳል። ሲሊንደሩ ትንሽ ከሆነና ወደ ማለቁ ከተጠጋ፣ ማሞቂያው የሚፈልገውን ያህል ጋዝ በፍጥነት አይሰጥም። ሬጉሌተሩ ላይም ጋዙ ውስጥ የገባ እርጥበት በረዶ ሠርቶ ሊዘጋው ይችላል። መፍትሔው ሲሊንደሩ ግማሽ ሳይወርድ መሙላትና ሬጉሌተሩን ከበረዶ መከለል ነው። በክብሪት፣ በላይተር፣ በችቦ ማሞቅ አይታሰብም፤ ለብ ያለ ውሃ ግን ይቻላል።

መጠኑንም ማወቅ ጥሩ ነው። 9 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር በሰዓት 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሆነ ማሞቂያ ሳያቋርጥ ቢሠራበት 14 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ግማሹን ጊዜ ከሠራ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። አክስቴ ይኼን ስትሰማ «እኛ አንዱን ሲሊንደር ስንት ሳምንት ነው የምንገፋበት!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች።

«ማሞቂያው ከተበላሸ ከሰል ያንድድ»

ይኼ የአክስቴ ነው። «ልጄ ከሰል አጥቶ ነው እንዴ የሚንቀጠቀጠው?» አለች። አልሳቅሁም፤ እዚሁ አገራችን ስንት ሰው ያለቀበት ነገር ነው።

የሚያሳስተው ጭሱ ነው። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ፍም ሆኖ፣ አመድ ከለበሰ በኋላ ወደ ቤት ቢገባ አይጎዳም ይባላል። እውነታው ሌላ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። የቀላ ፍምም ያወጣዋል፤ ጭስ ባይኖርም ያወጣዋል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። የተኛ ሰው ደግሞ ይኼንንም ሳያውቅ ነው የሚሄደው። አብረው ያሉ ሰዎች በአንዴ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ መጠርጠር ያለበት አየሩ ነው። ያኔ ሁሉም ይውጣ፤ ሐኪም ቤትም ይሂድ።

አርቪ ከአንድ ክፍል ቤት ያንሳል፤ ጋቢና ደግሞ ከሁለቱም። ስለዚህ ምክሩ ዴንቨር ላለው ብቻ አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ተራራ ላይ አድሮ ጋቢና ውስጥ ማንደጃ የሚያስገባ ረዳትም ይስማው።

የማብሰያውን ምድጃ ለኩሶ መሞቅም መፍትሔ አይሆንም። የአርቪው ዋና ማሞቂያ የተቃጠለውን አየር በራሱ ቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ምድጃው ግን ያንኑ የምትተነፍሰው አየር ላይ ነው የሚለቅቀው። ሞተር አስነስቶ ማደርም ያው ነው፣ በተለይ በረዶ የጭስ ማውጫውን ከደፈነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም እዚያ በርካሽ ይገኛል። አላርሙ ራሱ የአገልግሎት ዘመን አለው፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል። የአክስቴ ልጅ አርቪውን ሲገዛ አብሮ የመጣው ጊዜው ያለፈበት ነበር።

«ቀዳዳ ሁሉ ከተደፈነ ይሞቃል»

አውቶቡስ ላይ መስኮት ሲከፈት «ዝጋው፣ ነፋስ ይመታናል!» የሚል ሕዝብ ይኼን ምክር ቢሰጥ አይፈረድበትም። አዳማ ደግሞ ነፋሱን ያውቀዋል፤ ተርባይን የተተከለበት ከተማ ነው። በበሩና በመስኮቱ ዳር የሚገባውን ነፋስ መዝጋት ተገቢ ነው። ከአርቪው ሥር በጎን በኩል ዙሪያውን መከለልም ብዙ ይረዳል። ጣሪያ ላይ ያለውን የአየር መውጫ ጨምሮ ሁሉን ማሸግ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ሰው ሲተነፍስ፣ ሲያበስል፣ ሲታጠብ እንፋሎት ያወጣል። ጋዝ ቤት ውስጥ ሲቃጠል ደግሞ ይብሳል፤ 1 ኪሎ ፕሮፔን ተቃጥሎ 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ ይሰጣል። ያ ሁሉ ቀዝቃዛው መስኮትና ግድግዳ ላይ ያርፋል። ፍራሹ ከሥር ይረጥባል፣ ቁም ሳጥኑ ይሻግታል፣ የረጠበ ልብስና አልጋም ሰውን ይበልጥ ያበርደዋል። የጣሪያውን መውጫ ጣት በምታስገባ ያህል ክፍት መተው ከሙቀቱ የሚወስደው ትንሽ ነው።

«ኤሌትሪክ ማሞቂያ ካለ ጋዙን መዝጋት ነው»

መብራት ባለበት ቦታ ለቆመ ሰው ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ሰውየውንም ያሞቀዋል። ግን የውሃ ቧንቧውና ታንከሩ ያሉት ከወለሉ ሥር ነው። ለክረምት የተሠሩ ብዙ አርቪዎች ዋናው ማሞቂያ ሲነሳ ከሚነፋው ሙቀት ጥቂቱን በቱቦ ወደዚያ ይልካሉ። እሱ ተዘግቶ በኤሌትሪክ ብቻ ከታደረ፣ ሰውየው በካናቴራ ተኝቶ ጠዋት ቧንቧው በረዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሁለቱን ማቀላቀል ይሻላል።

መብራቱም ልክ አለው። አንድ 1,500 ዋት ማሞቂያ በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ይስባል። እንዲህ ያለ ሁለት ማሞቂያ አንድ መስመር ላይ ብትሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ካልወረደ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ሶኬቱን በእጅህ ዳስሰው። ከሞቀ ንቀለው።

«ቴርሞስታቱን ጫፍ ድረስ ካዞሩት ቶሎ ይሞቃል»

አይሞቅም። ማሞቂያው ወይ ይነዳል ወይ ይጠፋል፤ በአብዛኛው መካከል የለውም። 18 ላይ ብታደርገውም 30 ላይ ብታደርገውም እሳቱ አንድ ነው። ልዩነቱ መቼ ይቆማል የሚለው ነው፤ ባትሪውም ጋዙም የሚያልቁት በዚያ ነው።

«ወራት ሙሉ ያልተነካ ማሞቂያ ምን ይሆናል?»

ተርብ ይገባበታል። የአርቪ ጭስ ማውጫ ጠባብ፣ ከዝናብ የተከለለ ቱቦ ነው፤ ተርቦች ሞቃቱን ወራት እዚያ ጎጆ ይሠራሉ። የአየሩ መንገድ ሲዘጋ እሳቱ በደንብ አይነድም ወይም ጭራሽ አይነሳም። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ጋዙን ዘግቶ ቱቦውን በባትሪ መብራት ማየት፣ ያለውን ነገር በጥንቃቄ ማውጣት፣ ከዚያ አንድ ቀን ማታ ማስነሳት ነው። የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ቪዲዮ ልኮልኛል፤ በሽቦ ጎትቶ ያወጣው የጭቃ ጎጆ መዳፉን ሞልቶታል። ማሞቂያው ወዲያው ነው የተነሳለት።