«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ስድብ አይደለም

የሚጨነቅ ሰው በተገኘ ቁጥር «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎ መተረብ ተለምዷል፤ ምሳሌውም የፈሪ መሳለቂያ ሆኖ ቀርቷል። ቃሉ ግን «ያየ» ነው እንጂ «የፈራ» አይልም። እባቡ እውነት ነበር፤ ስሕተቱ ልጡ ላይ ነው።

ልጥ «ላጠ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ከዛፍ በቁመቱ ተልጦ የሚወጣ የቅርፊት ማሰሪያ። እርጥብ ሳለ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ አጥርና የእንጨት ሸክም ይታሰርበታል። ሲደርቅ ይኮማተርና ይጠማዘዛል። ምሳሌው ገመድን ትቶ ልጥን የመረጠው ለዚህ ይመስለኛል፦ ገመድን ሰው ይገምደዋል፣ ልጥ ግን ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠቀለላል፤ አመሻሽ ላይ መሬት ወድቆ ላየው ነፍስ ያለው ይመስላል። ደግሞም ማሰሪያ ነው። ከልጥ የበረየ ሰው ሸክሙን ሳያስር ይቀራል፤ የጭንቀት ኪሳራም ይኸው ነው።

በ1920 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር አንድ ሕፃን ነጭ አይጥ ሲነካ ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ሕፃኑ ከአይጧ አልፎ ጥንቸልንና የጸጉር ካፖርትን ጭምር ፈራ። (ጭካኔው ይቆየንና፣ ምሳሌያችን በሙከራ መታየቱ ነው።) በ1960ዎቹ ደግሞ የአእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ በክስተቱና በስሜቱ መካከል ሳይጠሩት ብልጭ የሚል ሐሳብ እንዳለ አስተዋለ። ከዚህ የተነሣው የጭንቀት ሕክምና ያንን ሐሳብ ይዞ ልጡን መልሶ ማየት ነው።

የሚታየው በወረቀት ነው፤ በልብ ከሆነ ክርክሩ ይሽከረከራል። በመጀመሪያ ዓይን ያየው ብቻ ይጻፋል፦ «አለቃዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ።» ቀጥሎ ስሜቱና ከ100 ያለው ልክ፦ ጭንቀት፣ 80። ከዚያ ሐሳቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «ሊያባርረኝ ይሆን?» ብሎ ይጽፋል። ጥያቄ በማስረጃ አይፈተንም፤ «ሊያባርረኝ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ከሥሩ የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ ይሰለፋል፤ «ውስጤ ነግሮኛል» ማስረጃ አይደለም። መጨረሻ ላይ ሚዛናዊው ሐሳብ ይመጣል፦ «ለምን ዝም እንዳለኝ አላውቅም፤ ትናንት ግን አዲስ ሥራ ሰጥቶኛል።» ልኩ እንደገና ይመዘናል። ከ80 ወደ 50 ከወረደ በቂ ነው፤ ዜሮ የሚጠብቅ ሰው በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። «ሁሉ መልካም ነው» ብሎ መጻፍም አይሠራም፤ ጻፊው ራሱ አያምነውም።

ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ልጡ መቅረብ ያስፈልጋል። መሸሽ ወዲያው ስለሚያሳርፍ «እባብ ነበር» የሚለውን እምነት ያጸናል። ከቀላሉ ይጀመራል፤ ለአለቃው አንድ አጭር የሥራ ጥያቄ ማቅረብ እንኳ ይሆናል። ማስረጃው እውነተኛ እባብ ካሳየም ሐሳብን ማረም ቀርቶ መፍትሔ መፈለግ ነው። ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍና ሥራ ከከለከለ ደግሞ ወደ ባለሙያ ይኬዳል።

ተራቢዎቻችን ግን ከሩቅ ቆመው «ልጥ እኮ ነው!» ይላሉ። የበረየው ሰው ይህን አላጣውም፤ እግሩ ነው ቀድሞ የሮጠው።