ስለ ኤጀንት መሣሪያዎች መግለጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ጎንደር ሶፍትዌር ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር በተቀመጥሁ ቁጥር «ሞዴሉ ጎበዝ ስለሆነ መግለጫው ባይሟላም ራሱ ይረዳዋል» የሚል አነጋገር እሰማለሁ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት በቋንቋ ሞዴል እየታገዘ ሥራ የሚያከናውን ፕሮግራም ነው፤ መሣሪያ፣ በተለምዶ ቱል የሚባለው፣ ደግሞ ኤጀንቱ ለሥራው የሚጠራው ኮድ ነው። መግለጫ የምንለው ለኤጀንቱ መሣሪያ ስንሰጠው ከስሙ ጋር የምናያይዘውን ጽሑፍ ነው፤ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠራ፣ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ የሚያስረዳው ይኸው ጽሑፍ ነው። ይህን አነጋገር በቃል ማረም ስለሰለቸኝ አብረውት ከሚሰሙት ስሕተቶች ጋር በጽሑፍ ላቅርበው።

«መሣሪያ በበዛ ቁጥር ኤጀንቱ ይበረታል።» አይበረታም፤ ሥራቸው የተደራረበ ሁለት መሣሪያዎች ምርጫውን ያዛቡበታል።

«በአማርኛ መጻፍ አይቻልም።» ይቻላል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ግን የግዕዙን ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ወደ በዙ ቶክኖች፣ ማለትም ሞዴሉ ጽሑፍን ወደሚቆራርጥባቸው ቁርጥራጮች፣ ስለሚከፋፍሉት ወጪው ይጨምራል። እኔ መግለጫውን በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ተጠቃሚዎች የሚናገሯቸውን እንደ «ከተራ» ያሉ ቃላት በአማርኛ አስገባለሁ።

«መግለጫው ላይ ‹ያለ ፈቃድ አትሰርዝ› ብሎ መጻፍ ይበቃል።» ይህ አደገኛ እምነት ነው። መግለጫ ሞዴሉን ይመራል እንጂ አያግደውም፤ ክልከላው በኮዱ ውስጥ መኖር አለበት።

ወደ ዋናው ስሕተት ልመለስ። ሞዴሉ የመሣሪያውን ኮድ አያይም። መሣሪያውን ከመጥራቱ በፊት ስለ እርሱ ከስሙ፣ ከመግለጫውና ከግቤቶቹ (መሣሪያው ከሚቀበላቸው መረጃዎች) ዝርዝር በቀር የሚደርሰው ነገር ስለሌለ፣ እኛ ሳንጽፈው የቀረውን በግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ትክክል መስሎ ስለሚታይ ስሕተቱ የሚታወቀው ጉዳት ካደረሰ በኋላ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን በከተማችን አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቦታ ማስያዝን ለኤጀንት ሰጥቶ ነበር። የተያዙ ክፍሎችን የሚያሳየው መሣሪያ የቀን ግቤት «ዓመት-ወር-ቀን» ከሚል ቃል በቀር መግለጫ አልነበረውም። እንግዶች «ለከተራ፣ ለጥር 10 ቀን 2017 ክፍል አለ?» ብለው ሲጠይቁ ኤጀንቱ 2017-05-10 ብሎ ላከ። ኮዱ የሚጠብቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ስለነበር ከ7 ዓመት በላይ ያለፈውን የሜይ 10 ቀን ፈለገ፤ ለዚያ ቀን የተመዘገበ ሰው ስላልነበረም ባዶ ዝርዝር መለሰ። ኤጀንቱ ባዶውን ዝርዝር «ክፍል አለ» ብሎ ተረጎመው። ቤቱ ሞልቶ ሳለ ሁለት ቤተሰቦች ከአዲስ አበባ ሻንጣቸውን ይዘው ደረሱ። ሥርዓቱን የሠሩት ልጆች ሞዴሉን ሲወቅሱ ሰማሁ፤ ሞዴሉ ግን ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

መግለጫውን አብረን እንዲህ ስንል ጻፍነው፦ «ቀኑ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይሰጥ። እንግዳው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተናገረ አስቀድመህ የቀን መለወጫውን መሣሪያ ጥራ። ባዶ ዝርዝር ማለት ለዚያ ቀን የተመዘገበ የለም ማለት ነው፤ ቀኑ ያለፈ ከሆነ እንግዳውን መልሰህ ጠይቅ።» መለወጫውን ለብቻው የሠራነው ሒሳቡን ለሞዴሉ መተው ስለማይገባ ነው፤ ጥር 11 በ2016 ጃንዋሪ 20 ላይ ሲውል በ2017 ግን ጃንዋሪ 19 ላይ ውሏል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ እንግዳው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሲል ኮዱ 9:00 መቀበል አለበት። ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና ስትላክ መሣሪያው «ስሕተት» ብሎ ብቻ መመለስ የለበትም፤ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚቀበል መናገር አለበት፤ የስሕተት መልእክትም ሞዴሉ የሚያነበው መግለጫ ነውና።

«እንግዲያው የምናውቀውን ሁሉ እንጻፍ» የሚሉም አሉ። መግለጫው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ስለሚላክ ትርፍ ቃል ሁሉ ቦታ ይይዛል። ምን እንደሚጎድል ለማወቅ እኔ መግለጫውን ኮድ ለማያውቅ፣ ሥራውን ግን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው አስነብባለሁ። የዚያው ማረፊያ እንግዳ ተቀባይ አንብባ ስትጨርስ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚደርስ እንግዳ የሚመዘገበው በየትኛው ቀን ነው?» ብላ ጠየቀችን። ከመካከላችን መልስ ያለው አልነበረም፤ ኮዱን ከፍተን አይተን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርን።