ረግረጋማ ሥነ ምህዳር ምንድን ነው? ለአንደኛ ደረጃ ልጆችስ እንዴት ይብራራል?

ጅማ ውስጥ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የአካባቢ ሳይንስ ሳስተምር፣ «ረግረግ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ ምን ትዝ እንደሚላቸው ስጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጭቃ፣ የወባ ትንኝ፣ ጭቃ ይዟት የቀረች ላም። ከጎኑ «ጨፌ» ብዬ ስጽፍ ግን ፊታቸው ይፈካል። ለምለም ሣር፣ በዓል ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዝ ቄጠማ፣ በበጋ ከብት የሚሰማራበት መስክ ይሉኛል። ሁለቱ ቃላት የሚያመለክቱት ግን ያንኑ መሬት ነው። ጨፌ የአፋን ኦሮሞ ቃል ሲሆን፣ በገዳ ሥርዓት ሕዝቡ ተሰብስቦ ሕግ የሚያወጣበት ጉባኤም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው፤ የክልሉ ምክር ቤትም «ጨፌ ኦሮሚያ» ይባላል። በእኔ እምነት ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ቃል ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ገና ከመነሻው «የተበላሸ መሬት» ብሎ ያሰበውን ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አይጓጓም።

ረግረጋማ መሬት ማለት ዓመቱን ሙሉ ወይም ከዓመቱ የተወሰነውን ጊዜ ውሃ የሚተኛበት፣ ወይም ውሃው ላይ ላዩን ባይታይም አፈሩ ጠግቦ የሚቆይና በዚህም የተነሳ ከደረቅ መሬት የተለየ አፈርና ዕፅዋት ያለው ቦታ ነው። «ሥነ ምህዳር» የሚለውን ስንጨምርበት ደግሞ ውሃውን፣ አፈሩን፣ ዕፅዋቱን፣ እንስሳቱንና በዓይን የማይታዩትን ረቂቅ ሕዋሳት ከነመስተጋብራቸው አንድ ላይ መጥራታችን ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1971፣ በእኛ ጥር 25 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ኢራን ውስጥ በምትገኘው ራምሳር ከተማ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ትርጉሙን በጣም አስፍቶት፣ ሰው የሠራውን ኩሬና በባሕር ዳርቻ ጥልቀቱ ከ6 ሜትር የማይበልጠውን ውሃ ጭምር አካቶበታል። ለሕግ ይህ ስፋት ይጠቅማል፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ግን የሚጨበጥ ነገር አይሰጥም። ስለዚህ እኔ ለልጆቹ የምሰጠው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፦ ረግረግ ማለት ውሃ ሩጫውን የሚያቆምበት መሬት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ይህን ለማሳየት ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ በቂ ነው። በሁለቱም ውስጥ እኩል ውሃና አንድ አንድ እፍኝ አፈር እንጨምራለን፤ ክዳናቸውን ገጥመን እንበጠብጣቸዋለን። አንደኛውን ጠርሙስ ልጆቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ይንጡታል፤ ሁለተኛውን መስኮት ላይ አስቀምጠን ማንም እንዳይነካው እናደርጋለን። ከ40 ደቂቃ በኋላ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ የሚናጠው እንደ ክረምት ወንዝ ቡናማ ሆኖ ይገኛል፤ ያረፈው ግን ከታች አሸዋውን፣ ከዚያ ላይ ደቃቁን ጭቃ አስቀምጦ ከላይ እየጠራ ነው። ገና ሙሉ በሙሉ አይጠራም፤ በማግስቱ ጠዋት ደግመው ሲያዩት ደግሞ ይበልጥ ይገረማሉ። ከዚያ በኋላ «የጅማ ወንዝ የሚያርፍበት መስኮት የት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው አዌቱ የቤቱን፣ የመንገዱንና የገበያውን እጣቢ ተሸክሞ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ውሃው ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይቀጥላል። ቦዬ ላይ ያልቀረ ጭቃ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ኃይል ማመንጨት ወደ ጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ የመጓዝ ዕድል አለው ማለት ነው።

ውሃው ሲያርፍ ግን ለሥር ችግር ይፈጠራል። የአፈሩ ቀዳዳዎች በውሃ ስለሚሞሉ አየር አይገባባቸውም፤ ሥሩ ደግሞ መተንፈስ አለበት። በቆሎ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቢጫ ሆኖ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ፊላ፣ ደንገልና ቄጠማ የሚኖሩት አየሩን ከላይ ወደ ታች የሚያወርዱበት የራሳቸው መንገድ ስላላቸው ነው። የፊላ ቅጠል ከግርጌው በኩል አግድም ተቆርጦ ሲታይ ውስጡ በቀጫጭን ግድግዳዎች የተከፋፈለ፣ የማር እንጀራ የሚመስል ባዶ ክፍል ነው፤ ቁራጩ ሳፋ ውስጥ ሲጣል ይንሳፈፋል። አንዲት ተማሪ ይህን አይታ «ቲቸር፣ ውስጡ ቤት አለው» ያለችኝን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እደግመዋለሁ፤ ከዚያ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁለትም።

የምግብ ሰንሰለትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የምናስተምረው «ሣር፣ ላም፣ ሰው» የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ይጎድላል። በረግረግ ውስጥ ከሚበቅለው ተክል አብዛኛው በሕይወት እያለ አይበላም፤ ሞቶ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ ባክቴሪያና ፈንገስ ያለሰልሱታል፣ ያንን ትል፣ ቀንድ አውጣና የነፍሳት እጭ ይመገቡታል፣ እነዚህን ዓሣና እንቁራሪት፣ እነርሱን ደግሞ ወፎች ይበሏቸዋል። ስለዚህ ልጁ አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸው ብስባሽ የሁሉም ማዕድ ነው። በጅማ ዙሪያ ባሉ ረግረጎች ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል የደፋው ጥቁር ረጅም ወፍ በዝግታ እየተራመደ ሲለቅም የሚታየው ይህ ማዕድ ስላለለት ነው።

ልጆች ሳይጠይቁት የማያልፉት ጥያቄ የወባ ነው፤ ሸፋፍኖ ማለፍም ተገቢ አይደለም። ወባ በአካባቢያችን አለ፣ ትንኟም የምትራባው ውሃ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ ይበልጥ የምትመርጠው ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ተክል ያልሸፈነውን ትንሽና ጊዜያዊ ኩሬ ነው፤ ለጡብ ሥራ አፈር የተዛቀበት ጉድጓድና የከብት ኮቴ የረገጠው ቦታ ለዚህ ይመቻል። በደህና ረግረግ ውስጥ ደግሞ ዓሣና የውሃ ነፍሳት የትንኟን እጭ ይበላሉ። ይህ ማለት ረግረግ ትንኝ የለበትም ማለት አይደለም፤ የተቆፋፈረና የተራቆተ ረግረግ ግን የባሰ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሌላው ግልጽ መሆን ያለበት ነገር፣ ውሃ የሚያጠራ መሬት ሁሉን ነገር ያጠራል ማለት አለመሆኑ ነው። ፕላስቲክ አይበሰብስም። በቡና ለቀማ ወቅት ከእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች የሚለቀቀው ገለባና ልጋግ የበዛበት ፍሳሽ ደግሞ ከመጠን ሲያልፍ፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርሱት ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ባህር ዛፍ መትከልና ቦይ ቀዶ ማድረቅም በሌላ አቅጣጫ ያው ነው፤ ውሃውን መልሶ ማስሮጥ ነው።

ልጆቹን ወደ ቦታው መውሰድ የሚቻል ከሆነ፣ ቦዬ ጉማሬ ያለበት ስለሆነ ወደ ውሃው መጠጋት የለባቸውም፤ በጠርዙ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል፤ እጅና እግርን ውሃ ውስጥ መንከርም በቢልሃርዝያ ምክንያት መከልከል አለበት። እኔ ከጉማሬው ርቆ የሚገኝ አነስተኛ ጨፌ መርጬ ሁለት ጊዜ መውሰዱን እመርጣለሁ። በጥቅምት ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ካስማ ተክለን እንመለሳለን። በየካቲት ስንሄድ ካስማው ደረቅ ሣር መሃል ቆሞ፣ ከብቶች በዙሪያው ሲግጡ ይገኛል፤ ልጆቹም «ረግረጉ ጠፋ» ይላሉ። በዚያን ጊዜ ከካስማው ሥር አንድ ክንድ ያህል እቆፍራለሁ። ከታች የሚወጣው አፈር አመድማ ነው፤ አየር በሥሮቹ ዙሪያ በገባበት ቦታ ብቻ ብረቱ ዝጎ ቀያይ መስመር ሠርቷል። ልጆቹ አፈሩን በጣታቸው ሲጨብጡት አሁንም ይቀዘቅዛቸዋል።