0.08 «እስከዚያ ድረስ ጠጣ» ማለት አይደለም

አሜሪካ ውስጥ የሚነዳ ሰው 0.08 የምትባለዋን ቁጥር ሳይሰማ አይቀርም። ጠጥቶ ለሚነዳ ሰው ሕጉ ያስቀመጣት ወሰን ናት፤ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.08 ግራም አልኮል ማለት ናት። ብዙዎቻችን ከዚያ በታች ከሆንን ሕጉ የማይነካን ይመስለናል። ይነካናል። 0.08 ከደረስክ አነዳድህ ቢያምርም ጥፋተኛ ነህ። ከዚያ በታች ሆነህ ደግሞ መስመር ስትስት ከተያዝክ፣ መጠጡ አነዳድህን እንዳበላሸው ከታየ ልትከሰስ ትችላለህ።

ቁጥሩም ቢሆን ይለያያል። የዩታ ስቴት ከ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ 0.05 አድርጋዋለች። የከባድ ጭነት ሾፌር ከሆንክ 0.04 ነው። ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣት ከዚህም ያነሰ ነው። ደግሞስ የቤት ጠጅ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ማን ለክቶ ያውቃል?

ሰው በጣም የሚሳሳተው «መኪናዬ ውስጥ ትንሽ ልተኛ» ሲል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መንገድ ዳር በቆመ መኪና የሾፌር ወንበር ላይ ከተቀመጥክና ቁልፉ ማስነሻው ውስጥ ከሆነ፣ እንደነዳህ ሊቆጠር ይችላል። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ወስኗል። ካሊፎርኒያ ግን መኪናው መንቀሳቀሱ መረጋገጥ አለበት።

ወፍራም ቡና ብትጠጣም ቁጥሩ አይወርድም፤ ጉበት በሰዓት በግምት 0.015 ብቻ ነው የሚያስወግደው። ሐኪም ያዘዘልህ የሚያደነዝዝ መድኃኒትም በዚሁ ሕግ ያስከስሳል፤ ማዘዣው ኪስህ ውስጥ ቢሆንም።