«ኧርሊ አክሽን» እና «ኧርሊ ዲሲዥን» አንድ አይደሉም

የአሜሪካ ኮሌጆች ቀደም ብሎ ለማመልከት የሚሰጡት ሁለት መንገድ በስም ስለሚመሳሰል ብዙ ተማሪ ያምታታዋል። የሁለቱም ማስገቢያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ነው። «ኧርሊ አክሽን» አያስገድድም፤ መልሱን ቀድማችሁ ትሰማላችሁ፣ ለመወሰን ግን ባብዛኛው እስከ ሜይ 1 ጊዜ አላችሁ።

«ኧርሊ ዲሲዥን» ግን ውል ነው። የሚላከው ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ሲሆን ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይፈርሙበታል። ከተቀበሏችሁ ሌሎቹን ማመልከቻዎች መሰረዝ ግዴታ ነው። ጣጣው ገንዘቡ ላይ ነው፦ ሌሎች ኮሌጆች ምን ያህል እርዳታ እንደሚሰጡ ሳታወዳድሩ ትታሰራላችሁ። የተሰጠው እርዳታ ለቤተሰቡ የማይበቃ ከሆነ ከውሉ መውጣት ይቻላል፤ ቢሆንም ከመፈረማችሁ በፊት በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወጪ ማስያ ከወላጅ ጋር ሞልታችሁ እዩት።