የክት ልብስና የቤተሰብ ፎቶ

ቤተሰብ ተሰብስቦ ፎቶ ሊነሳ ሲል ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ምን እንልበስ?» ነው። ጥያቄው የቆየ ነው። ፎቶ መነሳት በዓመት አንዴ፣ ለአንዳንዱም በዕድሜ አንዴ በነበረበት ጊዜ መልሱ ቀላል ነበር፦ የክት ልብስ። ዛሬ ፎቶው በዛ፣ ልብሱም በዛ፣ ምርጫው ከበደ።

በአዲስ አበባ ፎቶ መነሳት የተጀመረው ከላይ ነው። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹም ሙያውን ይዘው ቀጠሉ። ቀስ በቀስ ፎቶ ቤት ለከተማው ሰው ሁሉ ተዳረሰ። ሥዕል ያለበት መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ አንድ ጥሩ ወንበር። ብዙ ፎቶ ቤቶች ኮትና ከረባት ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያስቀምጡ ነበር፤ የሌለው ሰው ያንኑ ለብሶ ይነሳል። በድሮ ፎቶ ላይ እጅጌው ጣት ድረስ የወረደ ኮት ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው።

የጥንቱ ፊልም ደግሞ የራሱ ጠባይ ነበረው። የመጀመሪያዎቹ የጥቁርና ነጭ ፊልሞች ቀይ ቀለምን በደንብ አያዩም፤ ቀዩን ያጠቁሩታል፣ ሰማያዊውን ያነጡታል። ስለዚህ በጣም በቆየ ፎቶ ላይ ጥቁር የሚመስለው የአያት ጥለት ቀይ ሊሆን ይችላል። የቀለም ፊልም ከመጣ በኋላም ለጠይም ፊት አልተመቸም። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበር። የቀለሙ ሚዛን የተያዘው በእሷ ቆዳ ነው። የእኛ ሰው ፊት በእነዚያ ፎቶዎች ላይ የጨለመው አንሺው ስላልቻለበት ብቻ አይደለም።

ይህ ነገር ዛሬም በሌላ መንገድ ይመጣብናል። ካሜራ በራሱ ሲተው ከፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ብዙ ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ምስሉን ያጨልመዋል። የሀበሻ ልብስ የለበሰ ቤተሰብ ማለት ደግሞ ብዙ ነጭ ማለት ነው። ቀሚሱ ያምራል፣ ፊት ይጠፋል።

በእኛ ቤት ደርሷል። ለእናቴ 70ኛ ዓመት ልደት ስምንታችንም ነጭ ለብሰን እንጦጦ ወጣን። ሰዓቱ 6 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። ፎቶው ሲመጣ የእናቴ ጥለት እያንዳንዱ ክሩ ይቆጠራል፤ ዓይኖቿ ግን ጥላ ውስጥ ናቸው። ቤት ተመልሰን ቀሚሱን ቀይራ፣ ጋቢዋን ደርባ በር ላይ ስትቀመጥ ታናሽ እህቴ በስልኳ አንድ አነሳቻት። የደጃፉ ጥላ ለስላሳ ነው፣ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ይመጣል። ግድግዳችን ላይ ያለው እሱ ነው።

ስለዚህ ነጭ ለመልበስ ያሰበ ቤተሰብ ሁለት ነገር ያስተካክል። አንደኛ ሰዓቱን፦ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ። ሁለተኛ፣ ፎቶ አንሺው ብርሃኑን በቀሚሱ ሳይሆን በሰዎቹ ፊት ላይ እንዲለካ አስቀድሞ ይነገረው። ጎበዝ ባለሙያ አይቀየምም።

ወደ ልብሱ እንመለስ። አሁን ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ሁሉንም ማች ማድረግ ነው። አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ ሁሉም ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ፣ አንድ ዓይነት ጥለት። ለሰርግ ሚዜዎች ያምራል። ለቤተሰብ ግን ዩኒፎርም ይመስላል፣ ዓይን ማረፊያ ያጣል። እኔ የምመክረው ከአንድ ሰው መጀመር ነው፤ እሱም በቤቱ ለማልበስ ከሁሉ የሚከብደው ሰው። ብዙ ጊዜ እናት ወይም አያት ናት። የእሷ ልብስ መጀመሪያ ይመረጥ። ቀሚሱን አልጋ ላይ ዘርጉት። ከጥለቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም አውጡ። አንዱ የልጁ ሸሚዝ ይሁን፣ ሌላው የአባት ከረባት፣ ሦስተኛው የሕፃኗ የፀጉር ሪባን። ሙሉ ጥለት የሚለብሱት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ይበቃሉ።

ቀሚሱን ለመግዛት ወደ እንጦጦ መውጫ ያለችው ሽሮ ሜዳ ዋናዋ ቦታ ናት። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ፣ በተለይ ከዶርዜ የመጡ ናቸው ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ስትመርጡ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሱት። የእጅ ፈትል ብርሃኑን ይውጠዋል፣ በፎቶ ላይ ጥልቀት አለው። ሽፎን ይንሳፈፋል፣ ነፋስ ባለበት ያምራል፤ ከኋላ ብርሃን ሲመታው ግን ውስጡን ያሳያል፤ ገበር ይኑረው። የሚያብለጨልጭ ክር ፍላሽ ሲነካው ነጭ ነጥብ ይሆናል። ሸሚዝ ላይ ያለ ቀጭንና የተጠጋጋ መስመር በዲጂታል ካሜራ ምስሉ ላይ ሞገድ የመሰለ መስመር ይሠራል፤ እሱን ተዉት። የሚጮህ ብርቱካንማና አረንጓዴ ደግሞ ቀለሙን አገጭ ላይ ያጋባል።

የነጠላ ነገር ለብቻው ይወሳ። አጣጣሉ ይናገራል። ነጠላ ዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ ላይ ማድረግ የሐዘን ነው። በውጭ አገር ያደጉ ልጆች ሳያውቁት እንዲያ ጥለውት ሲነሱ አይቻለሁ፤ አያት ፎቶውን ስታይ ደንግጣ «ማን ሞተ?» ትላለች። ከመነሳቱ በፊት ነጠላ መልበስ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ዞር ዞር ብሎ ይያቸው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱ ነጠላ ይወስዳል። ሁለት መርፌ ቁልፍ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ባሕር ዛፉና የጽድ ዛፉ አረንጓዴ ስለሆነ አረንጓዴ የለበሰ ሰው ይዋጣል።

ጥቁር የለበሰች እናት ያለችበት ቤት ዓመቱ እስኪወጣ ፎቶውን ማቆየት የተለመደ ነው። የግድ ከሆነ ጥቁሯን አታስወልቋት። ሌላው ጥቁር ሰማያዊና ግራጫ ለብሶ ይጠጋት፤ ብቻዋን አትታይም።

የክት ልብስ ደግሞ ነጭ ቀሚስ ብቻ አይደለም። ለኢድ ጀለቢያና ኮፍያ፣ የሴቶቹም ደማቅ ሒጃብ አለ። ዱንጉዛ የሚባለው የወላይታና የጋሞ የሽመና ልብስ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የደመቀ ስለሆነ ሌላው ረጋ ያለ ቀለም ቢለብስ ጎልቶ ይወጣል። ለምርቃት ጋዋኑ ጥቁር ነው፤ አጠገቡ የሚቆሙት ወንዶች ጥቁር ሱፍ ከለበሱ ሁሉም አንድ ጨለማ ይሆናል። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባው ቢጫ ስለሆነ ቢጫ ልብስ አያስፈልግም፤ ነጩ ይበቃዋል።

ሕፃናትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ አዲስ ጫማ ለፎቶ ቀን አይሁን። እግሩን ያመመው ልጅ አይስቅም።

በውጭ የሚኖር ቤተሰብ ፈተናው የልብሱ ልክ ነው። በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን ለስግድ በዓላቸው፣ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉት ለገና ወይም ለፋሲካ ነጭ ለብሰው ይነሳሉ። ከአገር የሚታዘዘው ቀሚስ ልክ በስልክ ይላካል፣ ልብሱ በሰው ሻንጣ ይሄዳል፣ መንገደኛው ይዘገያል። ልጁ እስከዚያ ያድጋል። ልብስ ሰፊውን የቀሚሱንና የእጅጌውን ጫፍ አራት ጣት ያህል አስገብቶ እንዲያጥፈው ንገሩት። ሲደርስ ይፈታል፣ በእንፋሎት ይተኮሳል፣ የእጥፉ መስመርም ብዙ አይታይም።